የእናቴ የክኒን ሰሃን፦ ማዕድናት በአንድ ጉርሻ ለምን አይዋጡም?

እናቴ የጠዋት ክኒኖቿን የምታስቀምጥበት አንድ ትንሽ የስኒ ሰሃን አለ። ጠርዙ ላይ ቀጭን ወርቃማ መስመር አለው። ስኒው ከተሰበረ ዓመታት አልፈውታል። ቁርስ ሲቀርብ ክኒኖቹ እዚያ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፦ ትንሿ የታይሮይድ ክኒን፣ ደም የመሰለው የብረት ክኒን፣ እንደ ጠመኔ የነጣው ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሁሉም የሚተልቀው መልቲቫይታሚን። ስድስቱንም ታፍስና በትኩስ ሻይ ትውጣቸዋለች። ከዚያ «ተገላገልኩ» ትላለች።

የታይሮይዱንና የብረቱን ያዘዘላት ሐኪም ነው። የቀሩትን እህቴ ከአሜሪካ የላከችላት ናቸው። እናቴ ሁሉንም «ቫይታሚን» ነው የምትላቸው። ልጅ የላከው ነገር ደግሞ ሳይወሰድ አይቀመጥም።

ብረቱን ከጀመረች አምስት ወር ሆኗት ነበር። ደሟ ግን ንቅንቅ አላለም። ደረጃ ስትወጣ ያው ትንፋሽ ያጥራታል። ወጣቱ ሐኪም የምርመራ ውጤቱን አየና መጠኑን ሊጨምርላት እስክሪብቶ አነሳ። ከዚያ ቆም ብሎ «እማማ፣ ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?» አላት።

«በሻይ ነዋ ልጄ። ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ።»

እስክሪብቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ቀን የተጨመረ መድኃኒት የለም። የተቀየረው ሰዓቱ ነው።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በደንብ ለመረዳት ብዙ አነበብኩ፤ ፋርማሲስቶችንም ጠየቅሁ። ምክንያቱም ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶውና ከጫማው ሥር፣ ትልልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ አይጠፋም። እዚህም ፋርማሲ ገብቶ ማግኒዥየምና ዚንክ ያለ ወረቀት መግዛት ቀላል ሆኗል። ክኒኑ በዛ። «ምን ከምን ጋር ይወሰዳል?» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዥየም በኬሚስትሪ ዓይን ዘመዳሞች ናቸው። ክኒኑ ሆድ ውስጥ ሲሟሟ ሁሉም ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይዘው ነው የሚንሳፈፉት። ወደ ደም የሚገቡት ደግሞ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ባሉ በሮች ነው። በሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፉት መጠን የተወሰነ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሚኒባሱ አንድ ነው፤ ሁሉም በአንዴ ከመጣ የሚገባው ይገባል፣ የቀረው ይቀራል። አንጀት ውስጥ የቀረው ማዕድን ግን ተራ አይጠብቅም። ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ እስኪወጣ ድረስም ሆድ ያደርቃል ወይም ያስቀምጣል።

ምግብ ውስጥ ይህ ግፊያ እምብዛም አያሳስብም። እንጀራ በምስር ወጥ ብንበላ ብረቱም ዚንኩም ማግኒዥየሙም በትንሽ በትንሹ ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ችግሩ የሚጀምረው ክኒን ላይ ነው። አንድ የብረት ክኒን 60 ሚሊ ግራም ብረት በአንዴ ያራግፋል። 25 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ብረት ከዚንክ ክኒን ጋር አብሮ ሲዋጥ የዚንኩን መግባት እንደሚቀንስ ይታወቃል። እናቴ በአንድ ጉርሻ የዋጠቻቸው ማዕድናት እርስ በርስ ሲገፋፉ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋው ግጭት የብረትና የካልሲየም ነው። 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ካልሲየም ከብረት ጋር በአንድ ማዕድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ብረት በግልጽ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ልክ ልንሆን ይገባል። ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች ጉዳቱ በአንድ ማዕድ ከሚታየው ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ሰውነት ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ወተት ጠጣሁ ብሎ መደንገጥ የለበትም። ደሟ ያነሰና ብረት እንድትወስድ የታዘዘላት ሴት ግን ሌላ ነው። እሷ እያንዳንዷ ሚሊ ግራም ታስፈልጋታለች።

ይህ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴቶችን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 24ቱ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 57ቱ። ጤና ጣቢያ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የሄደች እናት አይረን ፎሊክ የምትቀበለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። ያው ድርጅት ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም በሚያንስባቸው አገሮች ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንዲወስዱ ይመክራል። ይህኛው በእርግዝና የሚመጣውን አደገኛ የደም ግፊት ለመከላከል ነው።

እንግዲህ አንዲት ነፍሰ ጡር ሁለቱንም ተቀብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች እንበል። ሁለቱም ያስፈልጓታል። አንድ ላይ ከዋጠቻቸው ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ምክሩ በሰዓታት ልዩነት እንዲወሰዱ ነው። ካልሲየሙ ራሱ በአንድ ጊዜ አይወሰድም፤ ከምግብ ጋር ለሦስት ይከፈላል። ሰውነት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚያስገባው እስከ 500 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ካልሲየሙ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር፣ ብረቱ ደግሞ ከምግብ ርቆ፣ ለምሳሌ ማታ ሊተኙ ሲሉ ይሆናል። አስቸጋሪ ነው፤ አይካድም። ግን ክኒኑን ከሰጡ አይቀር ይህን ሁለት ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት የሕክምናው አንድ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። «በቀን አንድ» ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ አይበቃም።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ።

ሻይና ቡና ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ወፍራም ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀን እሱ ነው። ታኒን ብረትን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ቀን የእናቴን የብረት ክኒን ፈጭቼ በሁለት ብርጭቆ በተንኩት። አንዱ ውስጥ ውኃ፣ አንዱ ውስጥ ቀይ ሻይ ነበር። ውኃው ትንሽ ደፈረሰ። ሻዩ ግን እንደ ቀለም ጠቆረ። እናቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ነው ሆዴ ውስጥ የሚገባው?» አለች። አዎ፣ ይሄ ነው። እንደዚያ የተያያዘ ብረት አንጀት አያስገባውም።

በጥናት የታየውም ይኸው ነው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከዚያ ምግብ የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ይቀንሳል፤ ከሻይ ግን ያነሰ ነው። ለእኛ አገር ሰው ትልቁ ነገር ሰዓቱ ላይ ነው። ቡና ከምግብ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱን አልነካውም። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ጎድቶታል። ምግቡ ገና አንጀት ውስጥ ነዋ። እኛ ደግሞ ምሳ ተነስቶ እጅ ሳንታጠብ ነው ረከቦቱ የሚቀርበው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡና ተው የሚል ሰው እኔ አይደለሁም፤ ቢባልም የሚሰማ የለም። ክኒኑን ማራቅ ግን ይቻላል። ብረት ከሻይም ከቡናም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቢርቅ ጥሩ ነው። የሚዋጠውም በንጹሕ ውኃ ነው።

ብርቱካን ወይም ሎሚስ? ቫይታሚን ሲ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በቀላሉ እንዲገባ ይረዳል። ስለዚህ ከሽሮ ጋር ሰላጣ በሎሚ፣ ከምስር ጋር ቲማቲም መብላት ጥሩ ልማድ ነው። ለብረት ክኒን ሲባል ሌላ የቫይታሚን ሲ ክኒን መግዛት ግን ያን ያህል ጥቅም አላየሁበትም። ብረት ክኒኑን ብቻውን በወሰዱና ከቫይታሚን ሲ ክኒን ጋር በወሰዱ ሕሙማን መካከል የደም ለውጣቸው እምብዛም እንዳልተለያየ ታይቷል። ገንዘቡ ብርቱካን ይግዛበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ብረት በየቀኑ መውሰድ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሄፕሲዲን የብረት በር ጠባቂ ነው። ብዙ ብረት በአንዴ ሲገባ «በቃ» ብሎ በሩን ይዘጋል። 60 ሚሊ ግራም ብረት የዋጠች ሴት ሄፕሲዲኗ ከፍ ብሎ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። በማግስቱ የምትውጠው ክኒን የተዘጋ በር ላይ ይደርሳል። ዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 ባወጧቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ብረት ያነሳቸው ወጣት ሴቶች አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚገባው ብረት ከፍ ብሏል። የጠዋቱን ክኒን ማታ መድገምም የታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ሆዱ ግን የበለጠ ሊታወክ ይችላል።

ስለዚህ የብረት ክኒን ሆዴን አደረቀኝ፣ አቅለሸለሸኝ ብሎ ጭራሽ የተወ ሰው ሐኪሙን «አንድ ቀን እየዘለልኩ ብወስድስ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ነፍሰ ጡር ሴት የታዘዘላትን በራሷ ውሳኔ አትቀይር። ለእርግዝና የሚሰጠው መመሪያ ዛሬም በዋናነት በየቀኑ ነው። ደግሞ ብረት ሰገራን ያጠቁራል። ይህ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው በድንጋጤ መድኃኒቱን የሚያቆመው ይህን ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለሚባክን ማዕድን ነው። የሚጎዳም አለ።

ዚንክን እንውሰድ። በኮሮና ጊዜ ስንቱ ቤት ዚንክ ገባ! አንዳንዱ እስከ ዛሬ አላቆመም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 11 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ40 በላይ እንዳይሆን ይመከራል። ገበያ ላይ ያለው ክኒን ግን ብዙ ጊዜ 50 ነው። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ መዳብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። መዳብ ሲያንስ ደም ያንሳል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳሉ፤ ቆይቶም እግር ይደነዝዛል፣ አካሄድ ይበላሻል። ዘግይቶ ከተደረሰበት የነርቩ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። እስቲ አስቡት። ሴትየዋ ደሟ አንሷል፤ ብረት ትወስዳለች፤ ደሟ አይጨምርም። ምክንያቱ ግን «ለበሽታ መከላከያ» ብላ ለሁለት ዓመት የዋጠችው ዚንክ ሊሆን ይችላል። ማንም ካልጠየቃት አትናገርም። ዚንክ መድኃኒት አይመስላትማ።

ይህን ያነበበች እናት የልጇን ዚንክ እንዳትጥል እለምናለሁ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው ዚንክ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑ እስኪሞላ ይሰጣል። ጊዜው አጭር ስለሆነ የመዳቡ ጉዳይ አያሰጋም።

ማግኒዥየም ላይ ብዙ አልቆይም። ከክኒን የሚገኘው በቀን ከ350 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመከራል። ሲበዛ የመጀመሪያው ምልክት ተቅማጥ ነው፤ በተለይ ኦክሳይድና ሲትሬት የሚባሉት ዓይነቶች። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ማግኒዥየምንም ፖታሲየምንም ያለ ሐኪም ፈጽሞ መንካት የለበትም። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። እሱ ካልሠራ ትርፉ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ልብ ላይም አደጋ ያመጣል። ፖታሲየም ደግሞ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክተን ለሚወስድ የግፊትና የልብ ሕመምተኛም ያሰጋል። እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ዋናው የሚያሳስበኝ ማዕድናቱ ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚያደርጉት ነገር ነው። ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚባክነው የሐኪሙ መድኃኒት ነው።

የእናቴን ታይሮይድ ተመልከቱ። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ በውኃ ነው የሚዋጠው። ብረትና ካልሲየም ሆድ ውስጥ ይይዙታል። ስለዚህ በመካከላቸው 4 ሰዓት መኖር አለበት። እናቴ አንድ ላይ ስትውጥ የታይሮይድ መድኃኒቷንም ግማሽ በግማሽ ስትጥለው ኖራ ሊሆን ይችላል። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የሆድ ድርቀቱ ከዚያም ሊመጣ ይችል ነበር። እኛ ግን «ደም ማነሱ ነው» እያልን ብረቱን እናሳድድ ነበር።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰውም እንዲሁ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞት ሲፕሮ ሲጀምር ብረቱን፣ ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙን አብሮ ከዋጠ መድኃኒቱ ይያያዝና ደም ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ሲፕሮው ከማዕድኑ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወሰደው። ዶክሲሳይክሊንም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ለአምስትና ለሰባት ቀን ከሆነ ቀላሉ መንገድ ሐኪሙን ጠይቆ ሰፕልመንቱን ለጊዜው ማቆም ነው። ለሰባት ቀን ዚንክ ባለመውሰድ የሚጎዳ አዋቂ የለም። መድኃኒቱ ሳይሠራ የቀረ ኢንፌክሽን ግን ኩላሊት ድረስ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መነገር ያለበት ዶሉቴግራቪር ነው። አገራችን ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ የሚወስዱት ክኒን ውስጥ አለ። ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ዚንክ ዶሉቴግራቪርን ይይዙታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። ብረት ወይም ካልሲየም ከሆነ ሌላም አማራጭ አለ፤ ሁለቱን ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል። ከማግኒዥየምና ለጨጓራ ከሚወሰደው አንታሲድ ጋር ግን ምግብም አያስታርቃቸውም፤ መራራቅ አለባቸው። ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት በአንድ በኩል አይረን ፎሊክ፣ በሌላ በኩል መድኃኒቷን፣ ሲያቃጥላት ደግሞ አንታሲድ ትወስዳለች። ደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከወረደ የሚመለከተው እሷንም ፅንሱንም ነው። ብዙዎቹ ደግሞ መድኃኒታቸውን ቤተሰብ እንዳያይባቸው በድብቅ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የሚውጡት። «ከምግብ ጋር ውሰጂ» ሲባሉ በየትኛው ማዕድ፣ በማን ፊት እንደሚሆን ባለሙያው አብሯቸው ካላሰበ ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በእርግዝና ለሚመጣ ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓም ከብረት ጋር አይስማማም። ብረቱ የመድኃኒቱን መግባት ስለሚቀንስ ግፊቱ አልወርድ ሊል ይችላል። ግፊቷ አልወርድ ያላት ነፍሰ ጡር ክኒኖቿን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ መጠየቅ መጠን ከመጨመር ይቀድማል።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። እህቴ የላከችው መልቲቫይታሚን ውስጥም ዚንክ ነበር፤ ማግኒዥየምም፣ ካልሲየምም፣ ብረትም። እናቴ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ስትወስድ ነበር። የብልቃጡን ጀርባ ስታነቡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ሰርቪንግ ሳይዝ የሚለው ነው። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው መጠን የአንድ ክኒን ሳይሆን የሁለት ወይም የሦስት ክኒን ድምር ነው። ሁለተኛው ክኒኑ ውስጥ ያለው ንጹሕ ማዕድን ስንት እንደሆነ ነው። 325 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት የሚል ክኒን ውስጥ ያለው ብረት 65 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። 1250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወይ አብዝቶ ይወስዳል፣ ወይ በዝቷል ብሎ ፈርቶ ይተዋል።

ካልሲየም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ካርቦኔቱ የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሲትሬቱ በባዶ ሆድም ይሆናል። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል በየቀኑ የሚወስድ ሰው አሲዱ ስለሚቀንስ ሲትሬቱ ይሻለዋል። ኦሜፕራዞል ብረትንም ያስቸግራል፤ ለዓመታት ሲወሰድ ማግኒዥየምንም ሊያወርድ ይችላል። የጨጓራ ነገር በበዛበት አገራችን ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

የጾሙ ጉዳይስ? እናቴ ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። 55 ቀን ወተትና እንቁላል የለም። በአንድ በኩል ካልሲየም የሚያስፈልጋት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ጠዋት ክኒን መዋጥ እንደ መግደፍ ስለሚቆጠርባት ብዙ ጊዜ ታልፈዋለች። ወይም 9 ሰዓት ላይ ከሽሮውና ከቡናው ጋር ሁሉንም አንድ ላይ ትደፍቀዋለች። የታይሮይዱን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ለመድኃኒት የሚሆን አንድ ጉንጭ ውኃ ተፈቀደላት። ካልሲየሙ 9 ሰዓት ላይ ከምግቡ ጋር ሆነ። ብረቱ ማታ ልትተኛ ስትል፣ ከእራቱ ሁለት ሰዓት ርቆ፣ በውኃ። ረመዳንን የሚጾሙ ጎረቤታችንም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል፤ ካልሲየሙን ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር፣ ብረቱን ደግሞ ከሱሁር በፊት ሲነሱ። ሻዩን ለማፍጠሪያው ትተውታል።

በአዘቦቱ ቀን የእናቴ ሰዓት አሁን እንዲህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሳ ታይሮይዱን በውኃ ትውጣለች። 1 ሰዓት ላይ ቁርሷን በሻይዋ ትበላለች፤ ሻይዋን ማንም አልነካባትም። 5 ሰዓት ላይ፣ ሆዷ ባዶ ሲሆን፣ ብረቱን ትወስዳለች፤ ያውም አንድ ቀን እየዘለለች፣ ሐኪሙ እንዲህ ስላላት። ምሳ 7 ሰዓት፣ ቡና ከዚያ በኋላ። ካልሲየሙ ከእራት ጋር። ዚንኩና ማግኒዥየሙ ቀርተዋል። መልቲቫይታሚኑም ብረቱ እስኪያልቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ከስድስት ክኒን ሦስት ቀረ።

የስኒው ሰሃንም ከጠረጴዛው ተነስቷል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የወንድሜ ልጅ የሦስት ዓመት ነው። የብረት ክኒን ልክ እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃል፤ አንዳንዱም ጣፋጭ ልባስ አለው። ለሕፃን ግን መርዝ ነው። ትንሽ ልጅ ጥቂት ክኒን ከዋጠ ሊሞት ይችላል። በአሜሪካ ብረት ያለበት ብልቃጥ ሁሉ ላይ ስለ ሕፃናት ሞት ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ልጅ ከዋጠ እስኪያስታውክ ወይም እስኪያመው መጠበቅ አይገባም። መጀመሪያ ካስታወከ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት የዳነ ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ውስጥ እየሄደ ነው። ብልቃጡን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ባለፈው እሑድ እህቴ ደውላ ለእናቴ ሌላ ሻንጣ እያዘጋጀች እንደሆነ ነገረቻት። «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ለጸጉርና ለጥፍር የሚሆን አዲስ ነገር ወጥቷል፤ ልላክልሽ?» አለቻት። እናቴ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደች፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ጀርባውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ዚንክ ካለበት አታምጪው።»